«ፕሮግራመር ጠፋ» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በሩ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል እንበል። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር። ብዛት፦ 1። የትምህርት ደረጃ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 4 ዓመት። ተፈላጊ ችሎታ፦ ጃቫ፣ ፒኤችፒ፣ ፓይተን፣ የሞባይል አፕ፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ ዝርጋታ፣ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጥገና። ደመወዝ፦ በስምምነት።

ሰማንያ ሰው ያመለክታል። ሰባ አራቱ ልምድ ስለሌላቸው የመጀመሪያውን ማጣሪያ አያልፉም። ከቀሩት ስድስት ሁለቱ ለፈተና አይመጡም፣ ሁለቱ ይወድቃሉ፣ ሁለቱ ያልፋሉ፤ ያለፉትም «ስምምነቱ» ስንት እንደሆነ ሲሰሙ አመስግነው ይሄዳሉ። ኃላፊው «ፕሮግራመር ጠፋ» ይላል። ሰባ አራቱ «ሥራ ጠፋ» ይላሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ነገሩ ግን ቅጥር ያካሄደም ሥራ የፈለገም የሚያውቀው ነው። ከሁለቱ ወገን የዋሸ የለም። «እጥረት» የሚለው ቃል የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ላይ ስለሚጠራ፣ ስለ ቁጥሩ ከመከራከር በፊት ቃሉን መፍታት ይሻላል።

ከማስታወቂያው እንጀምር። የሞባይል አፕ የሚሠራው፣ ኔትወርክ የሚዘረጋውና ፕሪንተር የሚጠግነው ሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንኳ የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገናው ለብቻ፣ የዌብና ዳታቤዝ ሥራው ለብቻ ሠልጥነውበት፣ ለየብቻ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) የሚወሰድበት ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ሦስቱን በአንድ ደመወዝ የጠየቀ መሥሪያ ቤት ሦስቱንም በከፊል የሚያውቅ ሰው ያገኛል። ያ ሰው ከተቀጠረ በኋላ ቀኑን የሚጨርሰው ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ሲፈታና «ኢንተርኔት አልሠራ አለኝ» የሚል ስልክ ሲመልስ ነው። በዓመቱ ኮድ መጻፍ ይረሳል። ይህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ፕሮግራመር ተብሎ ይቆጠራል፤ የፕሮግራመር ሥራ ግን አይሠራም።

«ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትለዋም መታየት አለባት። በግል ድርጅት ብዙ ጊዜ ትርጉሟ «ዋጋውን መጀመሪያ አንተ ጥራ» ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህም የለም፤ ደመወዙ በስኬል የተወሰነ ስለሆነ ኃላፊው ጥሩ ሰው ቢያገኝ እንኳ ከእርከኑ በላይ ልክፈል ማለት አይችልም።

ስንት ይዘህ ወጣህ?

ለበዓል ዋዜማ በግ ተራ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው «በግ ጠፋ» ሲል፣ የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይዘህ ወጥተህ ነው?» ብሎ ነው። በግ ጠፋ ማለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ከመንዝ የሚመጣው በግ በእርግጥ አንሶ የተጠራውን ዋጋ የሚከፍሉ ሰዎች እንኳ ሲያጡ ነው። ሁለተኛው፣ በጉ ተራው ላይ ቆሞ ሳለ በኪስ ባለው ብር አልገዛ ሲል ነው። ሁለተኛው የገንዘብ እጥረት እንጂ የበግ እጥረት አይደለም።

የባለሙያ ገበያም በዚሁ ይፈተናል። የእውነት እጥረት ካለ ደመወዙ ከሌሎች ተመሳሳይ ሙያዎች በፍጥነት ይጨምራል። አሠሪው መስፈርቱን ዝቅ ያደርጋል፤ «4 ዓመት» ያለው «2 ዓመትም ይሁን» ይላል፣ ከዚያ «ልምድ ባይኖርም እናሠለጥናለን» ይላል። በራሱ ወጪ ያስተምራል። የያዘውን ሠራተኛ እንዳይሄድበት ይለማመጠዋል። እነዚህ ሳይታዩ «እጥረት አለ» የሚል ንግግር ብቻ ከተሰማ፣ የጠፋው ሰው ሳይሆን በዚያ ዋጋ፣ በዚያ መስፈርት፣ በዚያ ቦታ የሚገኝ ሰው ነው። በግዥ ቋንቋ፣ ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ሳይሆን ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ነው።

በዚህ መለኪያ የሰሜን ሸዋን ሁኔታ ስናየው፣ ጀማሪ ሞልቷል፣ ልምድ ያለው ጥቂት ነው፣ በመካከል ያለው እርከን ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ለምን እንደሆነ ከመግባታችን በፊት ግን ክርክሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ማየት ይጠቅማል፤ ሌሎች የሠሩትን ስሕተት እንደ አዲስ እየደገምን ነውና።

190,000 ክፍት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1968 (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጁ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ጋርሚሽ ላይ በናቶ ጠሪነት የተሰበሰቡ የኮምፒውተር ሰዎች «የሶፍትዌር ቀውስ» የሚለውን አነጋገር አስለመዱ። የሚፈለገው ሶፍትዌር ብዛትና የሚሠራበት ፍጥነት አልገናኝ ብሏል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ «የፕሮግራመር እጥረት» በየጊዜው ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ እውነት ሆኖ፣ አንዳንዴ ጥያቄ ማስፈጸሚያ ሆኖ።

በደንብ የተመዘገበው የ1997ቱ የአሜሪካ ጉዳይ ነው። አሠሪ ኩባንያዎች የተደራጁበት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማኅበር በመላ አገሪቱ 190,000 ክፍት የሥራ ቦታ አለ የሚል ጥናት አወጣ። የንግድ ሚኒስቴሩም ቁጥሩን ተቀብሎ አስተጋባ። የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ1998 ጥናቱን ሲመረምር ግን መጠይቁ ከደረሳቸው ኩባንያዎች መልስ የሰጡት 14 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ። የአገሪቱ ቁጥር የተሰላው ከእነዚህ መልስ ተነሥቶ ነው። እንዲህ ያለ መጠይቅ ደርሶት ጊዜ ወስዶ የሚሞላ ማነው? ሰው አጥቶ የተቸገረው ነው፤ ያልቸገረው ወረቀቱን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ክፍት ቦታን መቁጠር ሰው መቁጠር አይደለም። ሦስት ድርጅቶች ለአንድ ጨረታ ሲወዳደሩ ሦስቱም «ካሸነፍን አምስት ዴቨሎፐር እንፈልጋለን» ብለው ቢያስነግሩ፣ ወረቀት ላይ 15 ክፍት ቦታ ይታያል፤ በእውነቱ ያለው አምስት ነው። የጨረታው ውጤት ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ ደግሞ አንድም የለም።

የአሜሪካው ጉዳይ መጨረሻውም አስተማሪ ነው። እጥረት አለ በሚለው ግፊት፣ ለውጭ አገር ባለሙያዎች በዓመት የሚሰጠው የኤች ዋን ቢ ቪዛ ጣሪያ ከ65,000 ተነሥቶ ወደ 115,000፣ ከዚያም ከ2001 እስከ 2003 ላሉት ዓመታት ወደ 195,000 ከፍ ተደረገ። ጣሪያው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የተጋነነ ዋጋ ወደቀና ፕሮግራመሮች በጅምላ ከሥራ ወጡ። ሕግ በዓመታት ይሄዳል፣ ገበያው በወራት ይገለበጣል።

በተቃራኒው የእውነት እጥረትም አጋጥሟል። በ2020 ሚያዝያ ወር፣ በኮቪድ ምክንያት ሥራ አጥ የሆኑ ሰዎች ማመልከቻ ሲጎርፍ፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው በይፋ ጠየቁ። ኮቦል በ1959 የተወለደ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ የግዛቱ ሲስተም ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ ነበር። የሚያውቁት በጡረታ ወጥተዋል፤ ወጣቱ ደግሞ ማንም ስለማይቀጥርበት አልተማረውም። ለአሥርተ ዓመታት ሳይተካና ሳይታደስ የቆየ ሥራ አንድ ቀን ድንገት «ሰው ጠፋ» ያሰኛል።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። ሜታ በኅዳር 2022 11,000 ሠራተኞችን፣ በቀጣዩ መጋቢት ሌላ 10,000 እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ጉግል በጥር 2023 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000። የተቀነሱት ሁሉ ፕሮግራመሮች አይደሉም፤ ግን «የዚህ ሙያ ሰው መቼም ሥራ አያጣም» የሚለውን እምነት ሰብሮታል።

አንድ ቁጥር ብቻ እንጨምር፤ ዋናውን ነገር ስለሚያሳይ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ «ኮምፒውተር ፕሮግራመር» እና «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር» የሚሉትን ለየብቻ ይቆጥራል። ፕሮግራመር የሚለው ሌላ ሰው የነደፈውን ወደ ኮድ የሚቀይረው ነው። ዴቨሎፐር የሚለው ችግሩን የሚያጠናው፣ የሚነድፈውና የሚፈትሸው ነው። ቢሮው ከ2023 እስከ 2033 ባለው ጊዜ የመጀመሪያው የሥራ ዓይነት በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ከሶፍትዌር ፈታሾች ጋር ተደምሮ በ17 በመቶ ያድጋል ብሎ ተንብዮ ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ኪቦርድ ላይ፣ አንዱ ትርፍ ነው አንዱ እጥረት።

ጳጉሜ 6

ልዩነቱ በቃል ሲነገር ስለሚረቅ በአንድ ሥራ እንየው። የሚንጃር ጤፍ የሚረከብ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ይፈልጋል እንበል። አባሉ ስንት ኩንታል አስገባ፣ በስንት ብር፣ ስንት ተከፈለው፣ ስንት ቀረው። ለማንም ተመራቂ ቀላል ይመስላል፤ ፎርሙንና ሠንጠረዡን በሳምንት ይሠራዋል። ከዚያ ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ይሆናል።

መጀመሪያ ቀኑ ይበላሻል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጀማሪው «ስምንት ዓመት ቀንስ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ስሕተት ነው፤ በዚያ ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ነው። ወሩን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ጳጉሜ የለችም። ጳጉሜን አስቦ አምስት ቀን ብቻ ከሰጣት ደግሞ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስተኛዋ ቀን ትቀራለች። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የመጣ ገበሬ ለዚያ ሲስተም ባልነበረ ቀን ነው የመጣው። በማግስቱ ያለው ዘመነ ዮሐንስም የራሱ ጣጣ አለው፤ መስከረም 1 በፈረንጁ መስከረም 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል፣ ገናም ታኅሣሥ 28 ይሆናል። «መስከረም 1 ሁልጊዜ 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ሦስት ዓመት በትክክል ይሠራና በአራተኛው ዓመት በአንድ ቀን ይስታል። የሚከፋው ሦስት ዓመት ትክክል መሥራቱ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም።

ቀጥሎ ስሙ። ጸሐፊዋ «ኃይለሥላሴ» ብላ የመዘገበችውን አባል ተተኪዋ «ሀይለስላሴ» ብላ ስትፈልገው «አልተገኘም» ይላታል፤ አዲስ ትመዘግበዋለች። አንድ ገበሬ ሁለት ሒሳብ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት ፊደላት ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ስ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት። 6 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ2፣ 24 ነው፤ «ኃይለ» እና «ሥላሴ» ተለያይተው ሲጻፉ ሲጨመር 48። መፍትሔው ሰዎችን አንድ ዓይነት እንዲጽፉ መገሠጽ አይደለም፤ ያ ሠርቶ አያውቅም። ስሙ እንደተጻፈ የሚቀመጥበት አንድ ዓምድ፣ ከጎኑ ደግሞ ሞክሼ ፊደላቱ ሁሉ ወደ አንድ የተመለሱበት፣ ባዶ ቦታው የወጣለት፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ መያዝ ነው። የአሥር ደቂቃ ኮድ ነው። ያላሰበው ሰው ግን በዓመቱ 300 ድርብ አባላትን በእጁ ሲያዋህድ ይከርማል።

ከዚያ ገንዘቡ። አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ተራ የአሥርዮሽ ቁጥር ሲደምሩ 0.1 ሲደመር 0.2 መልሱ 0.30000000000000004 ይሆንባቸዋል፤ ቁጥሩን በውስጣቸው የሚይዙት በሁለት ቤት ስሌት (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሆነ። በአንድ ደረሰኝ አይታይም፤ በሺህ ደረሰኝ ሒሳብ ሹሟን ሲያስመሻት ያድራል። ብሩን በሳንቲም ለውጦ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ይበቃል፦ 125 ብር ከ50 ሳንቲም፣ 12550።

መጨረሻ ኔትወርኩ። ክፍያ ሲመዘገብ መስመር ይቋረጣል፤ ሠራተኛው ቁልፉን ደግሞ ይጫነዋል፤ መስመሩ ሲመለስ ሁለት ክፍያ ተመዝግቧል። ያየ ሰው እያንዳንዱ ክፍያ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው፣ ያው ቁጥር ዳግም ከመጣም ሲስተሙ እንዳይመዘግበው ያደርጋል። ያላየ «ኔትወርኩ ነው» ይላል።

እነዚህ አራቱ ከባድ ሳይንስ አይደሉም። ግን በክፍል ፈተና አይመጡም፤ የሚያውቃቸው አንድ ጊዜ የከፈለባቸው ወይም ከከፈለበት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ነው። አሠሪው «4 ዓመት ልምድ» ሲል ሊገዛ የፈለገው ይህን ነው፤ ምን እየገዛ እንደሆነ ባያውቀውም።

ወንበሩ

እንግዲህ ሰባ አራቱ ተመራቂዎች ይህን ከየት ያምጡት? እዚህ ጋ ነው ዋናው ማነቆ።

ጀማሪ ብቻውን አያድግም። የጻፈውን ኮድ የሚያነብለት፣ «ይህ ጳጉሜ ላይ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ ጀማሪ ከአንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በሳምንት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል ብሎ መያዝ ደግ ነው፦ ኮድ ማንበቡ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ጥያቄ መመለሱ ሁለት ሰዓት፣ ሥራ መስጠቱ አንድ ሰዓት፣ ያበላሸውን ማቃናቱ የቀረውን። አምስት ጀማሪ በአንድ ነባር ሥር ከተደረገ በሳምንት ወደ 35 ሰዓት ነው። ነባሩ ከ40 ሰዓቱ አምስት ይቀረዋል፤ የራሱ ሥራ ይቆማል። ሁለት ጀማሪ ከሆኑ ግን 14 ሰዓት ነው፤ ይቻላል። ስለዚህ አንድ ከተማ በአንድ ጊዜ ሊያሳድግ የሚችለው የጀማሪ ብዛት የሚወሰነው በተመራቂው ቁጥር ሳይሆን በነባሮቹ ነው። ከተማው ውስጥ የሚያስተምሩ ነባሮች አሥር ቢሆኑ ወንበሩ፣ ማለትም ጀማሪ ከነባር አጠገብ የሚለማመድበት ቦታ፣ ሃያ ነው፤ ተመራቂው አራት መቶ ቢሆንም ሃያ ነው።

«እንግዲያው ብዙ ጀማሪ ቀጥረን በብዛት እናካክሰው» የሚለው ሐሳብም አይሠራም። ፍሬድ ብሩክስ በፈረንጁ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ የትልቁን ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ ሲመራ የተማረው ነገር በሙያው ሕግ ሆኖ ቀርቷል፤ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን ያዘገየዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር ሦስት መስመር ይበቃቸዋል፤ ስድስት ሲሆኑ 15፣ አሥር ሲሆኑ 45። እንደ ደቦ አጨዳ አይደለም፤ ማሳው ተከፋፍሎ አይሰጥም። አንዱ ዳታቤዙን ሲነካ የዘጠኙ ሥራ ይነቃነቃል።

ታዲያ ነባሮቹ የት ናቸው? አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማለዳ የወጣ ሰው ረፋድ ላይ ቃለ መጠይቅ ይደርሳል። ባንኩም፣ ቴሌኮሙም፣ የክፍያ ሲስተም የሚሠሩትም እዚያ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ብቁ የሆነ ወጣት ሦስተኛውን ዓመት እዚያ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በላይ የሚጎትተው ደግሞ ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ክፍት ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለውጭ ድርጅት በወር 500 ዶላር የሚሠራ ሰው ገቢው ከ28,500 ብር ወደ 50,000 በላይ ዘለለ፤ ከወንበሩ ሳይነሣ። እንዲህ ያለው ባለሙያ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ቤት ተከራይቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ለናይሮቢ ወይም ለዱባይ ሊሠራ ይችላል። ከተማው ውስጥ አለ፤ ገበያው ውስጥ ግን የለም። ጀማሪም አጠገቡ አይቀመጥም።

በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የሚካሄደው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። በሦስት ዓመት 5 ሚሊዮን ሰዎች የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ በኢንተርኔት እንዲወስዱ ነው። ጥሩ በር ነው፤ ለሙያው ዝንባሌ ይኑርህ አይኑርህ ያለ ክፍያ የምታውቅበት። በሩን ግን ከቤቱ ጋር አናምታታው። ሰርተፍኬቱ ጅምሩን ያሳያል፤ የ5 ሚሊዮኑ ቁጥር በወንበሩ ቁጥር ላይ አንድም አይጨምርም። እንደውም በሩ ላይ ያለውን ወረፋ ያረዝማል።

ኮድ የሚጽፉት የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችም ከላይ የተባለውን አያፈርሱም፤ ያጠብቁታል። ድሮ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ፎርምና ሠንጠረዥ በደቂቃ ይጽፋሉ። ነባሩ «ለጀማሪ ከማስረዳት ለመሣሪያው ብነግረው ይቀለኛል» ማለት ይጀምራል፤ የመለማመጃው ሥራ በዚህ ይሳሳል። መሣሪያው ግን ካልተነገረው በቀር ወሩን 12 አድርጎ ሊጽፍልህ ይችላል፤ ጳጉሜን የሚጠይቅ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ለአሠሪው

መጀመሪያ «ፕሮግራመር ያስፈልገኛል?» የሚለውን መመለስ ነው። ደመወዝና ግምጃ ቤት ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ የተዘጋጀ ሶፍትዌር መግዛት ይረክሳል። ጥገና ከሆነ የጥገና ባለሙያ ይቀጠር። የራስ ሲስተም ማሠራት የግድ ከሆነ፣ ከማስታወቂያው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፦ ማን ይመዘግባል፣ ምን ይመዘግባል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል፣ በወሩ መጨረሻ የትኛው ሪፖርት ይወጣል። ይህን ገጽ መጻፍ ያልቻለ መሥሪያ ቤት የቱንም ባለሙያ ቢቀጥር ያባክነዋል።

አንድ ነባር በውል፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአዲስ አበባም ቢሆን፣ ይያዝ፤ ሁለት ጀማሪ በቋሚነት ይቀጠሩ። አራት ዓመት ልምድ ያለውን አንድ ሰው ስድስት ወር ከመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይህ ይፈጥናል። ማስታወቂያው ላይ ደመወዙ በቁጥር ይጻፍ። ሒሳቡ ላይ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪው በኩል የሚከፈለው 11 በመቶ ጡረታ ይካተት። ፈተናው የወረቀት ጥያቄ ሳይሆን የሁለት ቀን ትንሽ ሥራ ይሁን፤ ተከፍሎበት። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥ፣ ጀማሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ጨርሶ መታየት እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው።

ብዙ «ፕሮግራመር ጠፋ» የሚባልባቸው ቦታዎች ደግሞ የጠፋው አንድ የታወቀ ሰው ነው፤ ሲስተሙን ሠርቶ የሄደው። ፓስወርዱ በእሱ ስልክ፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በእሱ ስም፣ ኮዱ በእሱ ላፕቶፕ ነበር። ተተኪው ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዶሜይኑና ሰርቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገቡ፤ ኮዱ በየሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ወደከፈተው የጊትሀብ ወይም መሰል፣ ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት አካውንት ይግባ፤ የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ባክአፕም ስላለ ብቻ አይታመን፤ በወር አንድ ጊዜ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መከፈቱ ይታይ። ተመልሶ ተከፍቶ የማያውቅ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ለተመራቂው

በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ዲግሪውን ያስገኛል፤ ወንበሩን አያስገኝም። ወንበር ካልተገኘ የሚተካው በቅርብ ያለ ነገር እውነተኛ ተጠቃሚ ነው። አንድ ፋርማሲ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ እቁብ ይበቃል። ትንሽ ነገር ሠርቶ ስድስት ወር ሳይቋረጥ እንዲጠቀሙበት ማድረግ፤ ያማረሩትን ሁሉ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ፤ እያንዳንዱን ስሕተት ሲያርሙ ስሕተቱ እንዳይመለስ የሚፈትሽ ኮድ መጨመር። ሲቪ ላይ ከአሥር ሰርተፍኬት ይልቅ «47 ስሕተት ተገኝቶ 44ቱ ታርሟል፣ ሦስቱ እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር አንድ ነባር ባለሙያን ቆም ያደርገዋል። ሦስት ቋንቋ ከመነካካት አንዱን፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የዳታቤዝ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን እና የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን በደንብ መያዝ ይበልጣል። ሁለት ሦስት ሆኖ መሥራትና አንዱ የአንዱን ኮድ ሳያይ ምንም ነገር አለማስገባት፣ ነባር በሌለበት ለነባር የሚቀርበው ልምምድ ነው።

አሠሪውም ተመራቂውም ሲስተሙ መሥራቱን በአምስት ደቂቃ መሞከር ከፈለጉ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ብለው አንድ ክፍያ ይመዝግቡ፤ መቀበል አለበት። ቀጥለው ጳጉሜ 6 ቀን 2018 ብለው ይሞክሩ፤ ይህንን መከልከል አለበት።